የቤት ዋይፋይ ለሳምንታት ሲጠፋ ምን ልግዛ? የስልክ ሆትስፖት፣ የኪስ ዋይፋይና ባለ ሲም ራውተር ከባሕር ዳር ሲታዩ

ባለፈው ሐምሌ አንድ ሰኞ ጠዋት ሞደሜ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። 3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ካለው መሥሪያ ቤቴ ጋር ስብሰባ ነበረኝ። ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ነቅዬ ሰካሁት። ያው ነው። ወጣ ብዬ ሳይ የሰፈራችን መግቢያ ላይ መንገድ እየተቆፈረ ነው። ከአፈሩ ክምር ውስጥ አንድ ጥቁር ገመድ ተበጥሶ ወጥቷል። ጫፉ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ የመስታወት ክሮች ተበታትነዋል። "እህቴ፣ ያንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሰፈሩ በሙሉ ነው የጠፋው" አለኝ አካፋ የያዘው ልጅ።

መስመሩ ተጠግኖ እስኪመለስ 23 ቀን ፈጀ። ቤቴ ቀበሌ 14 ነው። የሂሳብ ሥራ እሠራለሁ፤ ቢሮዬ የመኝታ ቤቴ ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ ናት። ኢንተርኔት ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ደሞዝ የለም። ስለዚህ በነዚያ ቀናት የስልክ ሆትስፖት፣ የኪስ ዋይፋይ፣ ባለ ሲም ራውተርና የሐይቅ ዳር ካፌ ሁሉንም ሞከርኩ። አንዳንዱን ገዝቼ፣ አንዳንዱን ተውሼ። እናንተ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ የጠፋው ምኑ ነው?

ዕቃ ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ሞደሙን እዩት። መብራቱ በሙሉ ከጠፋ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ የሚያስፈልጋችሁም ባትሪ እንጂ ሌላ ኢንተርኔት አይደለም። የፋይበር (ኢንተርኔቱን በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን የሚያመጣ ገመድ) ሞደም ላይ ኤልኦኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ካለ፣ ብርሃኑ በገመዱ በኩል ቤታችሁ አልደረሰም ማለት ነው። ሞደሙን መቶ ጊዜ ብታጠፉት ለውጥ የለውም። ቢጫዋ ቀጭን ገመድ ተጣጥፋ ወይም በር ተዘግቶባት እንደሆነ ብቻ አረጋግጡ፤ ፋይበር ሲታጠፍ ብርሃኑን ያጣል። የተነቀለውን ጫፍ ግን በዓይናችሁ ቀረብ አድርጋችሁ አትመልከቱ። የሚያልፍበት ጨረር አይታይም፤ ዓይን ግን ሊጎዳ ይችላል። ቀይ መብራት ሳይኖር ኢንተርኔቱ ብቻ ከጠፋ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያችሁ አልፎ እንደሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ገመዱ ተቆርጦ ከሆነ በዚያው ሰዓት ደውላችሁ ብልሽቱን አስመዝግቡ፤ የተሰጣችሁን ቁጥርና ቀኑን ጻፉ። ጎረቤቶቻችሁም ለየራሳቸው ይደውሉ። እኔ "አንድ ሰው ካመለከተ ይበቃል" ብዬ 4 ቀን ተቀምጫለሁ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

የስልክ ሆትስፖት

ለሁለት ሦስት ቀን ከዚህ የተሻለ የለም። ምንም አትገዙም። ግን ቀኑን ሙሉ ስትሠሩበት ስልኩ ይግላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቮልቲ (ጥሪን በ4ጂ ላይ የሚያስኬደው አገልግሎት) በማይሠራበት ስልክ ላይ ጥሪ ስታነሱ ስልኩ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። እኔ ስብሰባ ላይ ሆኜ እናቴ ደወለች። አነሳሁት። በዚያች ቅጽበት ላፕቶፑ ላይ የአለቃዬ ፊት ደረቀ፣ ድምፁም ተቆረጠ። ተመልሼ ስገባ የሩብ ዓመቱ ሂሳብ ታልፎ ነበር።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ሆትስፖቱን በዋይፋይ ሳይሆን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት። ስልኩ እየሠራ ቻርጅ ይደረጋል፤ መስመሩም ይበልጥ የተረጋጋ ይሆናል።

ጊጋውን ቀድማችሁ አስሉ። የአንድ ለአንድ ቪዲዮ ጥሪ በመካከለኛ ጥራት በሰዓት ወደ 540 ሜጋ ይወስዳል። ጥራቱ ከፍ ሲል 1 ጊጋ ያልፋል። በቀን 2 ሰዓት ስብሰባ ቢኖራችሁና በወር 22 ቀን ብትሠሩ፣ ለቪዲዮ ብቻ ከ24 እስከ 48 ጊጋ ያስፈልጋችኋል። ካሜራውን አጥፍታችሁ በድምፅ ብቻ ከገባችሁ ግን በሰዓት ከ30 እስከ 40 ሜጋ ብትጨርሱ ነው። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። እኔ ለአለቃዬ በመጀመሪያው ቀን "መስመር ተቆርጧል፣ ካሜራ አልከፍትም" ብዬ ጻፍኩ። ምንም አላለኝም። እናንተም አትፈሩ፤ ቀድሞ የተነገረ ነገር ችግር አይሆንም። ዊንዶውስ ላይም ያንን ኔትወርክ "ሜተርድ" (ዳታው የተመጠነ ነው ማለት ነው) አድርጉት። ያለዚያ ሌሊት ላይ አፕዴት ሲያወርድ አድሮ ፓኬጃችሁን ጠዋት ባዶ ታገኙታላችሁ።

የኪስ ዋይፋይ ወይስ ባለ ሲም ራውተር?

ዋናው ምርጫ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም ሲም ካርድ ይወስዳሉ፣ ሁለቱም 4ጂን ወደ ዋይፋይ ይቀይራሉ። ሻጩ "ያው ናቸው" ሊላችሁ ይችላል። አይደሉም።

የኪስ ዋይፋይ የራሱ ባትሪ አለው። መብራት ቢጠፋ ይሠራል። ቦርሳ ውስጥ ከትታችሁ ባጃጅ ላይ ሆናችሁ ትሠሩበታላችሁ። ግን አንቴናው ትንሽ ነው፤ እንደ ስልካችሁ ማለት ነው። ስልካችሁ የማይዘው ቦታ ላይ እሱም አይዝም።

ባለ ሲም ራውተር ጠረጴዛ ወይም መስኮት ላይ የሚቀመጥ ነው። አንቴናው ትልቅ ነው። አንዳንዱ ከኋላው የውጭ አንቴና የሚገጠምበት ቦታ አለው። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያም አለው፤ ላፕቶፑን በገመድ ታያይዙታላችሁ። ጉድለቱ ኤሌክትሪክ መፈለጉ ነው።

እኔ ሁለቱን በአንድ ሲም፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አነጻጸርኳቸው። ቤቴ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ቆርቆሮ ሲግናል አያሳልፍም። የጎረቤቴ ልጅ ያዋሰኝ የኪስ ዋይፋይ ጠረጴዛዬ ላይ አንዴ 4ጂ አንዴ 3ጂ እያለ ሲዋልል ዋለ። ራውተሩን እዚያው ሳስቀምጠው የራሱ ገጽ ላይ የሲግናሉ ልክ፣ አርኤስአርፒ የሚሉት፣ ከዜሮ በታች 112 ነበር። ደካማ ነው። ወደ ሰሜኑ መስኮት ወሰድኩትና ከብረት ፍርግርጉ ትንሽ ራቅ አድርጌ አቆምኩት። 94 ሆነ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው፤ 80 ወይም ከዚያ ይበልጥ ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ በጣም ደስ ይላል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባውን ሳይቆራረጥ ጨረስኩ። ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ቤት ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ባለ ሲም ራውተር ይሻላል። የመስክ ሥራ ያለበት፣ ዛሬ ዘጌ ነገ ጎንደር የሚል ሰው ግን የኪስ ዋይፋዩን ይግዛ፤ ራውተሩ ለእሱ ሸክም ነው። ቤታችሁ ውስጥ ስልካችሁ በየክፍሉ ሙሉ 4ጂ የሚይዝ ከሆነም የኪስ ዋይፋይ ይበቃችኋል።

ስትገዙ የራሳችሁን ሲም ይዛችሁ ሂዱ። ሱቅ ውስጥ አስገብታችሁ አንድ ቪዲዮ ክፈቱበት። ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ ዕቃ ብዙ ነው፤ በተለይ ከውጭ ሰው ያመጣው። ያገለገለ ከሆነ የመግቢያ ፓስዎርዱን ጠይቁ፣ እዚያው ሪሴት አስደርጉ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት የእኔን ሲም አልቀበል ብሎኝ ባለሱቁ ጋ ተመልሻለሁ። "እህቴ፣ ስትወስጂው ደህና ነበር" አለኝ። ሳልሞክር መውሰዴ የእኔ ጥፋት ነው፤ በመጨረሻ ተጨማሪ ብር ከፍዬ ቀየርኩት።

የማን ሲም?

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ09 ላይ የ07 ምርጫ ተጨምሮልናል። "የትኛው ይፈጥናል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ መልሴ "የእናንተ ጠረጴዛ ላይ የትኛው ይፈጥናል?" ነው። አባይ ማዶ ያለች ጓደኛዬ ቤት አንደኛው ይበርራል፣ ሌላው ይንቀራፈፋል። እኔ ቤት ተገላቢጦሽ ነው። የሁለቱንም ሲም ተውሳችሁ አንዴ ጠዋት አንዴ ደግሞ ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ሞክሩ። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስለሚጠቀም ፍጥነቱ ይወርዳል። ጠዋት ብቻ ሞክሮ የገዛ ሰው ይሸወዳል።

ሁለቱ እኩል ከሆኑ የገመድ ኢንተርኔታችሁ ካለበት ኩባንያ ሌላውን ምረጡ። አንዱ ሲታመም ሌላው ይሠራል። ኩባንያዎቹ አንዳንድ መሠረተ ልማት ይጋራሉና ፍጹም ዋስትና ግን አይደለም። "ያልተገደበ" የሚል ፓኬጅ ስትገዙም ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ ይቀነስ እንደሆነ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ክልል ለምንኖር ሰዎች መነገር አለበት። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦብን ነበር። በሲም የሚሠራ ዕቃ ሁሉ ያን ጊዜ ጥቅም አልነበረውም። ስለዚህ ራውተሩ ጥሩ ሆኖላችሁ እንኳ የገመዱን መስመር አታቋርጡት።

የሐይቅ ዳር ካፌና ሆቴል

ጣና ዳር ቁጭ ብሎ መሥራት ደስ ይላል። ማኪያቶ አዝዤ ትልልቅ ፋይሎቼን የላክሁት ከዚያ ነው፤ ለዚያ በጣም ጥሩ ነው። ለስብሰባ ግን አይሆንም። ቅዳሜና እሑድ የሙሽራ መኪና ጡሩንባ፣ በሌላው ቀን የጀልባ ሞተርና ሙዚቃ አለ። የደንበኛ ሂሳብም ሁሉም ሰው ፓስዎርዱን በሚያውቀው ዋይፋይ ላይ አይከፈትም። በወር ብትደምሩትም የቡናውና የባጃጁ ወጪ ከአንድ ፓኬጅ ሊበልጥ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ "ዋይፋይ አለ ወይ?" በሉ፤ የተቆረጠው መስመር የእነሱም ሊሆን ይችላል።

መብራቱስ?

ራውተር ገዝቶ ባትሪ አለመግዛት ግማሽ ሥራ ነው። ለሞደምና ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) አለ። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። አብዛኛው 12 ቮልት ነው፤ 9 የሆነም አለ። ካልተመሳሰለ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። ያላችሁ ፓወር ባንክ ከሆነ 5 ቮልቱን ወደ 12 የሚያሳድግ ገመድ ይፈልጋል። ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ 12 ዋት የሚበላ ራውተርን ከ4 ሰዓት በላይ ያቆያል። ለግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል።

በክረምት ነጎድጓዱ ሲጀምር ቻርጀሩን ከግድግዳ ንቀሉት። ፋይበር መስታወት ስለሆነ መብረቅ በእሱ አይመጣም፤ በኤሌክትሪኩ መስመር ግን ይመጣል። የድሮው የመዳብ ስልክ መስመር ያላችሁ ደግሞ እሱንም ንቀሉ።

በ23ኛው ቀን ቴክኒሻኑ መጣ። በካፊያ ውስጥ ጃንጥላ ይዤለት ቆምኩ። ትንሽ ማሽን በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ ፀጉር የምታህለውን ክር በጨርቅ ወልውሎ፣ ጫፍ ለጫፍ አገናኝቶ በእሳት ብልጭታ አቀለጣት። አንዷን ክር ለመቀጠል ደቂቃ አልፈጀበትም። ቤት ስገባ ቀዩ መብራት ጠፍቶ አረንጓዴው በርቷል። ራውተሩ ግን ዛሬም መስኮቱ ላይ ነው። ሲሙ አገልግሎት ላይ ሳይውል ቆይቶ እንዳይዘጋብኝ በየወሩ ትንሽ ጊጋ እሞላና አንድ ጠዋት ሙሉ በእሱ እሠራለሁ።