ኦማን፦ የዋሂባ በረሃ ወይስ የጀበል አኽዳር ተራራ?

ኦማን ሄደው ያለዎት አንድ አዳር ብቻ ከሆነ ምርጫው ከባድ ነው።

ዋሂባ፦ የአሸዋ ኮረብታዎቹ እስከ 100 ሜትር ይደርሳሉ። አሸዋው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት የጎማው አየር ይቀነሳል፤ አለበለዚያ መኪናው ይቀረቀራል። አሸዋ ላይ መንዳት ካልለመዱ የሚያድሩበትን የበረሃ ካምፕ ሹፌር ይጠቀሙ። ወጪው ይጨምራል፣ ግን ይህ የሚቆጠብበት ቦታ አይደለም። ማታ ሰማዩ በኮከብ ይሞላል።

ጀበል አኽዳር፦ መንገዱ አስፋልት ነው። ሆኖም ፎር ዊል ያልሆነ መኪና ከፖሊስ ኬላው አያልፍም። ተራራው ላይ ያለው የሳይቅ አምባ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ፈለጅ በሚባሉት ቦዮች የሚጠጡትን የሮማንና የጽጌረዳ እርከኖች በእግር መዞር ነጻ ነው። ሚያዝያ አካባቢ የጽጌረዳው አበባ ይለቀማል። እኔ ለዚህ አደላለሁ።

በኦማን የበጋ ሙቀት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ያለ ጥርጥር ተራራው ይሻላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን፣ በተለይ ልጆች ካሉ፣ በረሃው።