ለአዳማዋ ሲስተር ምስጋና፤ የልጆች መክሰስ ለሚያሳስባችሁ ወላጆችም ጥቆማ

የገና ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የሰባት ዓመቱ ልጄ በጥርስ ሕመም ሲያለቅስ አደረ። ሲነጋ ጉንጩ አብጦ ስላየሁት አዳማ ወደሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ይዤው ሮጥኩ። ሐኪሙ የነቀዘችውን የወተት መንጋጋ ካከመለት በኋላ “ከመሄዳችሁ በፊት ሲስተርን አነጋግሯት” አለን። ይህን የምጽፈው ስለዚያች ሲስተር ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለለመነችኝ ቃሏን አከብራለሁ።

ተሸማቅቄ ነበር የገባሁት። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ወስጄው “የወተት ጥርስ ነው፣ መውደቁ አይቀርም” ብለው መልሰውኝ ስለነበር፣ አሁን ደግሞ ለምን ዘገየሽ ተብዬ እቆጣለሁ ብዬ ፈርቻለሁ። እሷ ግን ለልጄ ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ነጭ ወረቀትና ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። “እናቱ፣ ትናንት ከተነሣ ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ ወደ አፉ የገባውን ሁሉ በየሰዓቱ ይንገሩኝ” አለችኝ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስኳር ያለው ሻይ በዳቦ። በትምህርት ቤት መኪና ውስጥ ከረሜላ። በዕረፍት ጊዜ ብስኩትና የታሸገ ጁስ፤ ጁሱንም በአንዴ አይጨርሰውም፣ እየቆጠበ እስከ ምሳ ድረስ ይጠባዋል። ስኳር ያለበትን ነገር በጠራሁ ቁጥር አንድ ቀይ ነጥብ ታስቀምጣለች። ማታ ሊተኛ ሲል የምሰጠው ማር የገባበት ወተት ላይ ስንደርስ ነጥቦቹ ዘጠኝ ሆነዋል።

ከዚያም በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ክብ ሠራች። በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ያሟሟዋል። ምራቅ አሲዱን አጥቦ ጥርሱን መጠገን እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ክቡ ያ ጊዜ ነው። “ልጁ የበላው ስኳር በመጠኑ ያን ያህል ላይሆን ይችላል፤ ጥርሱ ግን የሚያርፍበት ሰዓት አላገኘም” አለችኝ። ልጄ ወረቀቱን አየና “ጥርሴ ደክሞታል?” ብሎ ጠየቃት። “አዎ የኔ ጌታ፣ በጣም ደክሞታል” አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ጣፋጭ አታብዙ ሲባል ስሰማ ነው የኖርኩት። በቀን ስንት ጊዜ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ማርማ ተፈጥሯዊ ነው ብዬ ያለ ስጋት ነበር የምሰጠው። ለባክቴሪያው ማርም ስኳር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂን እንዲቀነሱ ከሚመክራቸው ስኳሮች ጋር ደምሮ እንደሚቆጥራቸው የነገረችኝ እሷ ናት።

እጅግ የማመሰግናት ግን ከዚህ በኋላ ስላደረገችው ነገር ነው። ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ውድ ነገር አላዘዘችልኝም። “ቤታችሁ ምን አለ?” ብላ ጠየቀችኝ። ቆሎ አለ፣ ሽንብራ አለ፣ ካሮት አለ፣ ከጎረቤት የሚመጣ እርጎና አይብ አለ። “ታዲያ ምን ቀራችሁ?” አለች። አይብና ስኳር ያልገባበት እርጎ ጥርስ ራሱን የሚጠግንበትን ካልሲየምና ፎስፌት ይሰጣሉ። ካሮት ሲታኘክ ምራቅ ያበዛል። የተቀቀለ እንቁላል ለጥርስ ምንም ጉዳት የለውም። ጾሙ ገብቶ እንቁላሉና አይቡ ሲቀሩ ደግሞ ንፍሮና አቮካዶ ይተካሉ። ብርቱካኑ ተጨምቆ ከሚጠጣ ተልጦ ይበላ፤ ቴምርና ዘቢብ ጥርስ ላይ ስለሚጣበቁ ከምግብ ጋር ይሁኑ እንጂ ለመክሰስ አይያዙ። ብስኩትና ችፕስም፣ ጨው ጨው ቢሉ እንኳን፣ በመንጋጋ ጎድጓዳ ውስጥ ተለጥፈው ይቆያሉ። ከረሜላን ጨርሶ አልከለከለችውም፤ ካገኘ ከምሳው ጋር አያይዞ እንዲበላ ነው ያለችው። በመካከል ሲጠማው የሚጠጣው ውሃ ብቻ ነው።

ስለ ቆሎ የነገረችኝን ሌሎች እናቶችም እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ስኳር የሌለበት ቆሎ ጥሩ መክሰስ ነው፤ ነገር ግን ጠጠሩ በደንብ ካልተለቀመ ጥርስ ይሰብራል። ጥርሱ የተሞላለት ሰውና ጥርሱ የሚነቃነቅ ልጅ ንፍሮ ይሻላቸዋል። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቆሎም ሆነ ሙሉ ለውዝ አይሰጠው፣ ሊያንቀው ይችላል።

ልንነሣ ስንል በትንሽ መስታወት የልጄን አፍ አሳየችኝ። ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አንዲት መንጋጋ በቅላለች። በስድስት ዓመት ገደማ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ የምትበቅል ስለሆነች ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ትመስለዋለች፤ እኔም መስላኝ ነበር። ቋሚ ናት፤ ብትነቅዝ በቦታዋ ሌላ አይበቅልም። ላይዋ ላይ እንደ ጠመኔ የነጣ ምልክት ነበረባት። “ይህ ገና ቀዳዳ አልሆነም፤ ካረፈችና በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በየቀኑ ከተቦረሸች ልትድን ትችላለች” አለችኝ። ሳሙናውም የአተር ፍሬ የሚያክል ብቻ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የራሴ ነው። ስናወራ አንዴ ሳቅሁና እንደ ልማዴ አፌን በእጄ ሸፈንኩ። ቀና ብላ አየችኝና ቀስ ብላ “ወንጂ ነው ያደጉት?” አለችኝ። አዎ፣ ወንጂ ነው ያደግሁት። ጥርሴ ቡናማ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሸንኮራውና የቸልተኝነቴ ውጤት ይመስለኝ ነበር። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ያለው የበዛ ፍሎራይድ፣ ጥርስ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ እንደሚያጠቁረው፣ ጥፋቱም የእኔ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያ ድዴን አየችልኝ። ሲደማብኝ ፈርቼ መቦረሽ ትቼ ነበር። የሚደማው በድዱ ጠርዝ ላይ ቆሻሻ ስለተጠራቀመ እንደሆነ፣ መቦረሽ መተውም እንደሚያባብሰው ነገረችኝ። በዚያው ሳምንት ጥርሴን አጠቡልኝ፤ በለስላሳ ብሩሽ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ መቦረሽ ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት መድማቱ ቆመ። ዘይቱን የሚባለውን ፍሬም አዘውትሬ እንድበላ መከረችኝ፤ ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው፣ ድድም ይህ ቫይታሚን ሲጎድለው ይደማል። “ብሩሹን ግን አይተካም” ማለቷንም አልረሳሁም።

ግንቦት ላይ ለምርመራ ተመለስን። አዲስ የነቀዘ ጥርስ የለም። የጠመኔ መልክ የነበረው ምልክት ጠንክሮ ማብረቅረቅ ጀምሯል። ከዘጠኙ ቀይ ነጥቦች ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል፤ ሁለቱም ከምግብ ጋር ናቸው። ወረቀቱን ልጄ ራሱ በወጥ ቤታችን በር ላይ ለጥፎታል።

ይህ ሁሉ ምክር ከአርባ ደቂቃ በላይ ፈጅቶባታል፤ ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር፣ እሷ ግን አላጣደፈችንም፣ ለምክሩም የተለየ ክፍያ አልተጠየቅንም። አዳማና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ ልጆቻችሁ ስድስትና ሰባት ዓመት የሞላቸው፣ ጥርሳቸው እስኪያማቸው አትጠብቁ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ የክሊኒኩን አድራሻ እሰጣለሁ። ስትሄዱ ልጁ ትናንት የበላውንና የጠጣውን ከነሰዓቱ ጽፋችሁ ያዙ፤ ሥራዋን ታቀሉላታላችሁ።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለቀጣዩ ቀጠሮ የሽንብራ ቆሎ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ጠጠሩን ልጄና እኔ አብረን ለቅመነዋል።