ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ ወደ ስኪ መመለስ፦ ወር መቁጠር ወይስ ጉልበትን መፈተን?

የፊተኛው የጉልበት መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና የተተካለት ሰው ወደ ስኪ፣ ማለትም በበረዶ ላይ ወደ መንሸራተት ስፖርት፣ የሚመለስበትን ጊዜ ወራት በመቁጠር ወይም የጉልበቱን አቅም በመፈተን ሊወስን ይችላል።

የወር ቆጠራው ጥቅም ቀላልነቱ ብቻ አይደለም። የተተካው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት ራሱን እየገነባ ለጊዜው ስለሚዳከም፣ ሕመሙና እብጠቱ ጠፍቶ ሰውየው «ድኛለሁ» በሚልበት ወቅት እንኳ ሸክም ለመቻል ላይደርስ ይችላል፤ ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ 9 ወር እንዲጠበቅ የሚመክሩትም ለዚህ ነው። ቆጠራው ግን ስለ ጭን ጡንቻ ጥንካሬ የሚነግረን የለም። አሜሪካዊቷ የስኪ ተወዳዳሪ ሊንዚ ቮን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ተጎድታ ቀዶ ጥገና ካደረገች በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ልምምድ ላይ ወድቃ ያንኑ ጉልበት ዳግም ጎድታዋለች።

ፈተናው የጡንቻን ጥንካሬና በአንድ እግር ዘሎ ማረፍን ከጤነኛው እግር ጋር ያነጻጽራል፤ የተለመደው መስፈርት 90 በመቶ ነው። ይሁንና በእረፍቱ ጤነኛው እግርም ስለሚላላ ውጤቱ ሊያታልል ይችላል። ደግሞም ሳይደክም የተፈተነ ጭን፣ አመሻሽ ላይ በረዶው ሲከብድና የመንሸራተቻው የኋላ ጫፍ ሲያመልጥ እንዴት እንደሚይዝ አይታወቅም። በእኔ ግምት ፈተናው ይበልጣል፤ ከ9ኛው ወር በፊት ያለፈው ሰው ግን ቢጠብቅ ይሻለዋል።