የመርፊ ሰማያዊው ግራመር፦ ለፐርፌክት ቴንስ ይበቃል ወይ?

የሬይመንድ መርፊን «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሁሉ ያውቀዋል ማለት ይቻላል። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ነው፤ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ መጀመሪያ ያሳተመው በ1985 እ.ኤ.አ. ሲሆን አምስተኛው እትም ደግሞ በ2019 ወጥቷል። ሰው ሁሉ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ልክ ነው። እኔ ግን እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን በጣም በሚያስቸግረን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ልፈትሸው፦ ፐርፌክት ቴንስ፣ ማለትም በ«ሃቭ»፣ በ«ሃዝ» ወይም በ«ሃድ» የሚሠራው የግሥ ጊዜ፣ ከመስተዋድድና ከተውላጠ ስም ጋር ሲገጥም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ግዙት። ግን በተርታ አታንብቡት።

መጽሐፉ 145 ክፍሎች አሉት። ግራው ገጽ ማብራሪያ፣ ቀኙ ገጽ መልመጃ ነው። ፕረዘንት ፐርፌክት ከክፍል 7 እስከ 14 ተቀምጧል፣ ፓስት ፐርፌክት 15 እና 16 ላይ ይከተላል። ማብራሪያው አጭር ነው፣ ቃላቱም አይከብዱም። በተለይ 13 እና 14፣ ፐርፌክትን ከሲምፕል ፓስት (ከተራው ያለፈ ጊዜ) ጋር የሚያነጻጽሩት፣ በጣም ወድጃቸዋለሁ። እኛ «ትናንት ነግሬዋለሁ» ብንል ምንም አይጎረብጠንም። እንግሊዝኛው ግን «የስተርዴይ» ከተባለ «ሃቭ ቶልድ»ን አይቀበልም፤ «አይ ቶልድ ሂም የስተርዴይ» ነው የሚባለው። ያለፈው ጊዜ በስሙ ከተጠራ ፐርፌክቱ ቦታ የለውም። ይህን ነገር እነዚህ አራት ገጾች በደንብ ያስጨብጣሉ።

ክፍል 12ም «ፎር»ንና «ሲንስ»ን ጥርት አድርጎ ይለያል። «ሲንስ» መነሻውን፣ «ፎር» ርዝመቱን ይይዛል። የእኛ ችግር ግን ከዚያ ትንሽ ይሰፋል። «ከመስከረም ጀምሮ እዚህ እሠራለሁ» ስንል ግሡ የአሁን ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያስበው «አይ ወርክ ሂር ፍሮም ሴፕቴምበር» ይላል። «ከ» ለ«ፍሮም»ም ለ«ሲንስ»ም የምንጠቀምበት ፊደል ስለሆነ መስተዋድዱም ግሡም አንድ ላይ ይሳሳታሉ። ትክክሉ «አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ሲንስ ሴፕቴምበር» ነው። ስለዚህ ክፍል 12ን ስትሠሩ ከ«ሲንስ» በፊት ያለውን ግሥም ዞር ብላችሁ እዩት፣ መስተዋድዱን ብቻ አትምረጡ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቄዋለሁ» በሉ እስቲ። «ጠብቄዋለሁ» ውስጥ ማን እንደጠበቀ አለ፣ ማን እንደተጠበቀ አለ፣ ድርጊቱ መፈጸሙም አለ። ሁሉም በአንድ ቃል። እንግሊዝኛው ይህንን በትኖ «አይ ሃቭ ዌይትድ ፎር ሂም ፎር ቱ አወርስ» ይላል። ሁለት «ፎር» አለ። የመጀመሪያው የ«ዌይት» ነው፣ ሁለተኛው የሰዓቱ ነው። ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጥለው የመጀመሪያውን ነው፤ በአማርኛው «-ው» ከግሡ ጋር በቀጥታ ስለተጣበቀ መስተዋድድ ያስፈልጋል ብሎ አይጠረጥርምና «ሃቭ ዌይትድ ሂም» ብሎ ያልፋል። መጽሐፉ ውስጥ የሰዓቱ «ፎር» ክፍል 12 ላይ ነው። ከግሥ ጋር የሚሄዱት መስተዋድዶች ያሉት ከ132 እስከ 136 ነው። መሀሉ ከመቶ በላይ ክፍል ነው! ክፍል 12ን ሙሉ በሙሉ ያገኘ ጎበዝ ተማሪ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሊስት ይችላል።

«ከእሱ ጋር ከተጋባች አሥር ዓመቷ ነው» የሚለውም እንደዚያው ነው። «ሺ ሃዝ ቢን ሜሪድ ቱ ሂም ፎር ቴን ይርስ» ነው የሚባለው። እዚህ ላይ ሦስት ወጥመድ ተደርድሯል። «ከ… ጋር» ስላልን «ዊዝ» ይመጣብናል፣ «ዓመቷ ነው» ስላልን «ኢዝ» ይመጣብናል፣ «ሃዝ»ን ረስተን «ሃቭ» የምንልበትም ጊዜ አለ። ከቅጽል ጋር የሚሄዱት መስተዋድዶች 130 እና 131 ላይ ናቸው፣ ጥሩ ገጾች ናቸው። ከፐርፌክቱ ጋር አገናኝቶ መለማመዱ ግን የእናንተ ሥራ ነው።

ተውላጠ ስሙ የት ይግባ የሚለውን ክፍል 137 ያነሳዋል፣ ፍሬዛል ቨርቦች (እንደ «ፒክ አፕ» ያሉ፣ ግሥና ትንሽ ቃል ተጣምረው የሚሠሩ) የሚጀምሩበት ቦታ። «አንስቼዋለሁ» ለማለት «አይ ሃቭ ፒክድ ኢት አፕ» ነው እንጂ «ፒክድ አፕ ኢት» አይባልም። «ልጁን ፈልጌዋለሁ» ሲሆን ግን «አይ ሃቭ ሉክድ ፎር ሂም» ነው፣ «ሂም» መሀል አይገባም። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ከዚህ በኋላ የምለው ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም። «ደክሞኛል»፣ «ርቦኛል»፣ «ጠፍቶብኛል»። ሦስቱም በእኛ ዘንድ ፐርፌክት ናቸው፣ ሰውየውም ጭራቸው ላይ ነው ያለው። እንግሊዝኛው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፐርፌክት አያደርጋቸውም፤ «አይ አም ታየርድ»፣ «አይ አም ሀንግሪ» ይላል። ሦስተኛው ፐርፌክት ይሆናል፣ ግን «-ብኝ» ተነስቶ ባለቤት ይሆንና «አይ ሃቭ ሎስት ኢት» ይወጣል። መርፊ ለዓለም ሁሉ ተማሪ ነው የጻፈው፣ አማርኛን እንዲያውቅ አንጠብቅም። ግን በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ እየተሰጠ፣ ልጆቹ ከዚህ ልዩነት ጋር ብቻቸውን መታገላቸው ያሳዝነኛል። አስተማሪ ከሆናችሁ፣ እባካችሁ ይህን ክፍተት እናንተ ሙሉት።

ስለዚህ አጠቃቀሙ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። 11 እና 12ን ስትጨርሱ ወደ 13 አትሂዱ፤ ወደ 130 ዝለሉና እስከ 137 ሥሩ። ከዚያ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ፐርፌክትም መስተዋድድም ተውላጠ ስምም ያለበት። ቀጥሎ ሰዎቹን ቀያይሩ፤ «አይ»ን ወደ «ሺ»፣ «ሂም»ን ወደ «ዜም»። «ሃቭ» ወደ «ሃዝ» ሲዞር፣ መስተዋድዱ ግን ከቦታው ንቅንቅ እንደማይል በእጃችሁ ታዩታላችሁ። መዝለሉ አያስጨንቃችሁ፣ መጽሐፉ ራሱ ከዳር እስከ ዳር በተርታ እንዲሠራ የታሰበ አይደለም። መጨረሻ ገጾቹ አካባቢ የቱን ክፍል መሥራት እንዳለባችሁ የሚጠቁም መመሪያም አለው።

አባሪዎቹንም አትለፏቸው። አባሪ 5 የአጭር አጻጻፉን ያሳያል፤ «ሺዝ ታየርድ» ውስጥ ያለው «ኢዝ»፣ «ሺዝ ሌፍት» ውስጥ ያለው ደግሞ «ሃዝ» መሆኑን ካልለያችሁ ንግግር ስትሰሙ ትደናገራላችሁ። አባሪ 7 የአሜሪካኑን ልዩነት ይነግራችኋል። አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ «አይ ጀስት ኤት» ቢላችሁ አልተሳሳተም፣ እዚያ ይባላል። እዚያው የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ «ግራመር ኢን ዩዝ ኢንተርሚዲየት» የሚባለውን የአሜሪካኑን እትም ብትወስዱ ይሻላችኋል።

ስትገዙ አንድ ነገር አረጋግጡ። መልስ ያለውና መልስ የሌለው ቅጂ ለየብቻ ነው የሚታተመው፣ ሽፋናቸውም ይመሳሰላል። ብቻችሁን የምታጠኑ ከሆነ መልስ የሌለው ምንም አይጠቅማችሁም፣ መጨረሻ ገጾቹን ገልጣችሁ እዩ። ፎቶ ኮፒ ከሆነ ደግሞ አባሪዎቹ መኖራቸውን ተመልከቱ።

«ሃቭ»ና «ሃዝ» ገና የሚምታታባችሁ ከሆነ ግን ይህኛው ይከብዳችኋል። ቀዩን የመርፊ መጽሐፍ፣ «ኢሴንሻል ግራመር ኢን ዩዝ»ን ነው መጀመሪያ መግዛት ያለባችሁ።