በመዶሻ የሚመታው መፍቻ፦ በሙጫ የተቆለፈ ብሎን ላይ ስምንት ወር ሠራሁበት

መሣሪያውን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። ሶማሌ ተራ፣ በ1,800 ብር። ቀይ የቆርቆሮ ሳጥን አለው። ውስጡ አንድ ወፍራም የብረት እጀታ፣ አራት ጫፎችና አንድ ማገናኛ ተደርድረዋል። ሻጩ «ኢምፓክት» ነው ያለኝ። በእጅ ይዘው ጀርባውን በመዶሻ ሲመቱት ጫፉ ራሱ ይዞራል። ባትሪ የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው። የኩባንያ ስምም አልተጻፈበትም።

ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። መቀመጫዬ ደብረ ብርሃን ቢሆንም አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው ገጠር ነው። የክትባት ሳጥኑን ከኋላ አስሬ በያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ሞተር ብስክሌት ነው የምንቀሳቀሰው። በየሳምንቱ ጣርማ በርን አልፌ ወደ ደብረ ሲና እወርዳለሁ። ያንን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል። ጉሙ ድንገት ይወርድና አሥር ሜትር ርቆ ያለውን ይጋርዳል። መንገዱ ይጠማዘዛል። ከባድ መኪናው ከፊትም ከኋላም ነው። የፊት ፍሬን ስይዝ እጄ ላይ መርገፍገፍ ሲጀምር የፍሬኑ ዲስክ መጣመሙ ገባኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለነገ አይባልም።

ጋራዥ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ልጁ ጎማውን አወረደና የዲስኩን ብሎኖች በኤል ቁልፍ ያዘ። አንዱ ተንጫጭቶ ወጣ። የቀሩት እምቢ አሉ። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ አስገብቶ ሲጫን የሁለቱ ብሎኖች ስድስት ማዕዘን ተበልቶ ክብ ሆነ። ከዚያ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ አመጣና ዲስኩ ላይ ለቀቀው። እዚህ ላይ ነው በጣም የተናደድኩት። ዲስክ ላይ ዘይት አይረጭም! ዘይቱ ወደ ፍሬን ፓዱ ከገባ ፓዱ አይይዝም። ለዚያውም ስፕሬዩ ምንም አልጠቀመም። መጨረሻ ላይ «ብየዳ ቤት ውሰጂው» ብሎ ጎማውን መልሶ ሰጠኝ።

የወጣችውን አንዷን ብሎን ቤት ወስጄ በደንብ አየኋት። ጥርሷ መሀል ቀይ ፍርፋሪ ነገር ደርቋል። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ደረቀ የጥፍር ቀለም እየተሰበረ ወደቀ። ዝገት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ከእኔ በፊት ሞተሩን የያዘ ሰው ወይም የሠራለት መካኒክ ቀይ ሎክታይት የሚባለውን የብሎን ሙጫ አጠጥቶታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የብሎን ሙጫ እንደ ሌላው ሙጫ አየር ሲያገኝ አይደለም የሚደርቀው። የሚደርቀው አየር ሲያጣና ብረት ሲነካው ነው። ቨርነን ክሪብል የተባለ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነው በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ የሠራው። ጠርሙሱ እስከ አፉ የማይሞላውም ለዚህ ነው። ውስጡ አየር ካልቀረ እዚያው ይደርቃል። አዲስ ጠርሙስ ገዝታችሁ «ጎደለብኝ» ብላችሁ ከሻጭ ጋር እንዳትጣሉ። ከቀለሞቹ ደግሞ ሰማያዊው መካከለኛ ነው፤ በተራ መፍቻ ይፈታል። ቀዩ ግን እንዳይፈታ ታስቦ የተሠራ ነው። የአምራቹ ወረቀት ራሱ የሚለው ብሎኑን ወደ 250 ዲግሪ አሙቁና ትኩስ እንዳለ ፍቱ ነው። የዝገት ማላቀቂያ ለዝገት ነው። የደረቀ ሙጫን አያሟሟም። ልጁ ጠርሙሱን ሙሉ ቢጨርሰውም ያው ነበር።

እኔም በመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ኢምፓክቱን ይዤ ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ እዚያው ማታ ጀመርኩ። ጎማውን ከግንድ ቁራጭ ላይ አስተኛሁት። ከሳጥኑ የወጣውን የአለን (ባለ ስድስት ማዕዘን) ጫፍ ሰካሁና አንድ ኪሎ በሚመዝን መዶሻ መታሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በአራተኛው ጫፉ ከወገቡ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ስለ ጫፎቹ ቁርጡን ልንገራችሁ፤ አብረው የሚመጡት ጫፎች አይረቡም። ብረታቸው አንዴ ሲመታ ይጠማዘዛል፣ ሌላ ጊዜ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። እጀታው ግን ሌላ ነገር ነው። እስካሁን የመታሁት ምት ተቆጥሮ አያልቅም፤ ከጀርባው ላይ ትንሽ ከመዘርጠጥ በቀር ምንም አልሆነም።

በማግስቱ ከሰፈራችን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፤ ድሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞተሮችን ይጠግኑ ነበር። ብሎኗን በመነጽራቸው አዩና «ልጄ፣ ይሄ እሳት ነው የሚፈልገው፣ ጉልበት አይደለም» አሉኝ። ከዚያ አንድ ዘዴ አሳዩኝ፤ እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። የሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበትን የስታኞ ሽቦ የጋለው ብሎን አናት ላይ ያስነካሉ። የተለመደው የእርሳስና የቆርቆሮ ስታኞ 190 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ሽቦው ብሎኑን እንደነካ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ሙቀቱ ተቃርቧል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰከንድ መጨመር ነው። የሙቀት መለኪያ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

መጀመሪያ በሬዲዮ ጠጋኝ ጎረቤቴ ካውያ ሞከርን። ካውያው ለትንንሽ ብሎኖች ግሩም ነው። ለዲስክ ብሎን ግን አቅም የለውም። የጎማው እምብርት አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ሩብ ሰዓት ያህል ይዘን ስታኞው አልቀለጠም። ስለዚህ ከብየዳ ቤት ትንሿን የጋዝ እሳት ተዋስን። ጋሼ እርጥብ ጨርቅ የኩሽኔታው ጎማ ላይ ጠቀለሉ። እሱ ከተቃጠለ ሌላ ወጪ ነው። እሳቱን ዲስኩ ላይ ሳይሆን ብሎኑ አናት ላይ ብቻ እንድይዝ አስጠነቀቁኝ። ቤንዚን ደግሞ አካባቢው ድርሽ እንዳይል። ጎማው ከሞተሩ ወርዶ ደጅ ላይ መሆኑ ለዚህም ጥሩ ነው።

ክብ ለሆኑት ሁለቱ ብሎኖች መላው ባለ ኮከብ ጫፍ ነው። የብሎኖቹ ቀዳዳ ባለ 5 ሚሊ ሜትር አለን ነበር። ከእሱ ትንሽ የምትወፍረውን ቲ30 ባለ ኮከብ ጫፍ ገዛሁ። ይቺኛዋ ጠንካራ ናት፤ ብቻዋን 350 ብር ከፈልኩባት። በመዶሻ እየመታሁ ክቡ ቀዳዳ ውስጥ ቀረቀርኳት። የኮከቡ ጥርሶች ብረቱን እየቆረጡ ሲገቡ ድምፁ ይለያል፤ መጀመሪያ ጥፍ ጥፍ ይላል፣ ስትጠብቅ ጭው የሚል ጠጣር ድምፅ ይሆናል። ያኔ ይዛለች ማለት ነው።

ከዚያ አሞቅን። አንድ ደቂቃ፣ አንድ ተኩል። ስታኞው ፈሰሰ። ትንሽ ጨመርን። ከብሎኑ ሥር ስስ ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። እሳቱን አራቅሁ። እጀታውን ሰክቼ ወደ ግራ አጥብቄ አዞርኩትና መታሁ። በመጀመሪያው ምት ምንም የለም። በሁለተኛው እጄ ውስጥ ትንሽ ከዳ ሲል ተሰማኝ። ያቺን ስሜት መቼም አልረሳትም። መዶሻውን ጣልኩና በቡሶላ እጀታ አዞርኩት። እየከበደ፣ እየተንገራገጨ፣ ግን እየዞረ ወጣ። ሳይበርድ ነው መፍታት ያለባችሁ። ለስልኬ መልስ ልስጥ ብላችሁ ከቆማችሁ ሙጫው ተመልሶ ይጠነክራል። አንደኛው ብሎን ላይ ደርሶብን እንደ አዲስ አሙቀናል።

መሣሪያው የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ውስጡ ጠንካራ ሞላ አለ፤ ከእሱ ጋር ዘወርዋራ ቦይ። ምቱ ወደ ታች ሲገፋ ቦዩ ወደ ዙር ይለውጠዋል። ተራ ካቻቢቴ ሲከብደው ከብሎኑ አናት ተንሸራቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ብሎን የሚበላውም ያኔ ነው። ይሄኛው ግን በሚዞርባት ቅጽበት ጫፉን ወደ ታች ስለሚጫነው መንሸራተቻ ጊዜ አያገኝም። እጀታው ላይ የግራና የቀኝ መቀየሪያ አለ። ከመምታታችሁ በፊት ሁለቴ እዩት። ወደ ማጥበቂያው ዞሮ ከቀረ የምትፈቱትን ታጠብቁታላችሁ።

ከዲስኩ በኋላ ብዙ ቦታ ተጠቅሜበታለሁ። የጎረቤቴ አሮጌ ያማሃ ዲቲ የሞተር ክዳኑ በመስቀል ብሎኖች ነው የታሰረው። እነዚህ ሙጫ የላቸውም፤ ዓመት ሙሉ ጭቃና ሙቀት ሲፈራረቅባቸው ነው የተጣበቁት። የሳጥኑ መስቀል ጫፍ ግን አልገጥም አለ፤ ብሎኑ ውስጥ ይወዛወዛል። የጃፓን ብሎን አናቱ ላይ ትንሽ ነጥብ አለችው። ያቺን ነጥብ ካያችሁ መስቀሉ ከተለመደው የፊሊፕስ መስቀል ይለያል፤ ለጃፓኑ የተሠራ ጫፍ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ዱባይ ያለችው እህቴ ቬሴል የሚባለውን የጃፓን ጫፍ ላከችልኝ። ግጥም ብሎ ገባ። ሁሉም ብሎኖች በአንድ አንድ ምት ተፈቱ፤ አንዱም አልተበላም። ጎረቤቴ ቆሞ ሲያይ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለኝ።

የማልጠቀምበት ቦታም አለ። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ላይ በፍጹም አትምቱበት። ማጠራቀሚያው ስስ ነው፤ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው፣ ከሥሩ የሚደግፈው የለም። እዚያ ትክክለኛውን ጫፍ ቀዳዳው ላይ አድርጋችሁ በትንሽ መዶሻ ሦስት አራት ጊዜ ኳ ኳ ማድረግ፣ ከዚያ በእጅ ተጭኖ ማዞር በቂ ነው። የአሉሚኒየም ክዳን ላይም ምቱን መመጠን ያስፈልጋል፤ ይሰነጠቃል።

ሌላው ቅሬታዬ ዝገት ነው። ክረምቱ ሲገባ እጀታው ጥቁር ቅባቱን ለቆ ዛገ። ስገዛው ውስጡ ግራሶ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ሲመታ ይንኳኳ ነበር። ፈትቼ ግራሶ ቀባሁት፣ ጸጥ አለ። እጀታው ላይ የጎማ መያዣ ስለሌለው እጅ ያደነዝዛል፤ የቆዳ ጓንት አድርጉ። መዶሻው ቢስት የሚያርፈው አውራ ጣት ላይ ስለሆነ ጓንቱ ለዚያም ይሆናል።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ የምመክረው እጀታውን ብቻ አይታችሁ እንድትገዙ ነው። መቀየሪያው ግራና ቀኝ ሲዞር መጥበቁን እዩ። ማገናኛው የግማሽ ኢንች ቡሶላ የሚቀበል መሆኑን አረጋግጡ፤ ያኔ ጠንካራ ጫፍ ከየትም አምጥታችሁ ትሰካላችሁ። ገንዘባችሁን ጫፍ ላይ አውሉ። እጀታ 1,800፣ ሁለት ጥሩ ጫፍ ሲጨመር እኔን ሁሉም በሁሉም 2,700 ብር ገደማ ፈጅቶብኛል። ጋራዡ ያበላሻቸውን ብሎኖች ብየዳ ቤት ቢያወጣልኝ ኖሮ የጎማው እምብርት ራሱ መትረፉን እጠራጠራለሁ።

ዲስኩን ስመልስ አዲስ ብሎኖች ገዛሁ። የእምብርቱን ጥርሶች በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ፤ ቀዩ ፍርፋሪ ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ። ዲስኩንም ብሎኖቹንም በፍሬን ማጽጃ አጠብኩ፤ ፓዶቹን ቀየርኩ። እያንዳንዱ ብሎን ላይ አንድ ጠብታ ሰማያዊ አደረግሁ፣ አንድ ብቻ። ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የማግስቱን ጉዞ ሰረዝኩና ለወረዳው ደወልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጣርማ በር ላይ ጉሙ እንደ ወትሮው ወርዶ ነበር። የፊት ፍሬኑን ቀስ አድርጌ ያዝኩት። አልተርገፈገፈም። እስከ ደብረ ሲና ድረስ አንድም ጊዜ አልተርገፈገፈም።