የባቡር ባጃጅ፦ ከጀርመን የመጣችልኝ ትንሿ የእንፋሎት ሞዴል

ያክስቴ ልጅ ከጀርመን ልትመጣ ስትል ምን ላምጣልህ አለችኝ፣ ሰው ሁሉ ስልክ ነው የሚያስመጣው እኔ ያገለገለ የባቡር ሞዴል አልኳት፣ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ካርቶኑን ደሴ እቤት ሳሎን ውስጥ ስንከፍተው እማዬ ቡና እየቆላች ነበር፣ ዞር ብላ አየችውና "ባቡር ያልከው ይሄን ነው? እህሉ በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለች። ለማታውቁ በኛ ገጠር ባቡር ማለት ወፍጮ ነው፣ እህሉን በአህያ ጭነህ "ባቡር ቤት ሄድኩ" ነው የምትለው። እሷም ብዙ አልተሳሳተችም፣ ባቡር የሚለው ቃል ራሱ እንፋሎት ከሚለው የፈረንጅ ቃል የመጣ ነው።

ወደ እቃው ልግባ። ክላስ 64 የምትባለው የጀርመን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ (ባቡር ጎታች) ሞዴል ናት፣ በ1 ለ87 የተሰራች፣ ማለት ከዋናዋ 87 ጊዜ ያነሰች። ዋናዋ 12 ሜትር ከ40 ነበረች ስለዚህ ይቺ 14 ሳንቲም አካባቢ ናት፣ መዳፍህ ላይ ትቀመጣለች ግን ከበድ ትላለች ብረት ናት። ከላይ ጥቁር፣ ከታች እግሮቿ ቀይ። ጎኗ ላይ ያሉት ዘንጎች ደግሞ ስትሄድ እንደዋናዋ ይንቀሳቀሳሉ፣ እኔ እዛ ላይ ነው የፈዘዝኩት ወላሂ ግማሽ ሰዓት ዝም ብዬ በጣቴ እየገፋሁ ሳያት ነበር።

ለምን እሷን መረጥክ ላላችሁኝ። ጀርመኖች ድሮ በየግዛቱ ባቫሪያው ለብቻው ፕሩሺያው ለብቻው የየራሱ ባቡር ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1920 አንድ ላይ ሲጠቀለል በቃ የሎኮሞቲቭ ዓይነት መዓት ሆነ የአንዱ መለዋወጫ ላንዱ አይገጥምም፣ ጋራዥ የሰራ ሰው ይሄ ጣጣ በደንብ ይገባዋል። ስለዚህ ክፍላቸው እርስ በርስ የሚገጣጠም ስታንዳርድ ዲዛይን ማውጣት ጀመሩ፣ 64 ከነዛ አንዷ ናት፣ ብዙ ነገሯ ክላስ 24 ከምትባለው እህቷ ጋር አንድ ነው። ከ1928 እስከ 1940 ድረስ 520 ተሰርተዋል።

ዲዛይኑ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። በትልቁ መስመር ላይ የሚሮጡት ፈጣኖቹ አንድ አክስል ላይ 20 ቶን ይጭናሉ፣ የገጠሩ ቅርንጫፍ መስመር ግን ሐዲዱ ቀጭን ነው ኩርባውም ብዙ ነው (ከደሴ ሃረጎን ይዛችሁ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ያለውን አስቡት) ስለዚህ ይቺ 15 ቶን ላይ እንድትቆም ተደረገች። ትልልቆቹ ውሃና ከሰላቸውን ከኋላ በተሳቢ ነው የሚጎትቱት፣ ተሳቢ ደግሞ ፒያሳ ላይ ማዞር ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር ይንገራችሁ፣ እነሱም መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ማዞሪያ ያስፈልጋቸዋል። ይቺ ግን ሁሉንም ራሷ ላይ ነው የተሸከመችው፣ 9 ሜትር ኩብ ውሃ ቦይለሩን (እንፋሎት የሚፈላበትን በርሜል) ግራና ቀኝ ባቀፉት ታንከሮች፣ 3 ቶን ከሰል ከሹፌሩ ጀርባ። እና ወደፊትም ወደኋላም በሰዓት እስከ 90 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ጫፍ ላይ ደርሳ ሳትዞር እንዳለች ትመለሳለች። ባጃጅ በሏት። ችግሩም የባጃጅ ነው፣ ሩቅ አትሄድም ቶሎ ቶሎ ውሃ መቅዳት አለባት፣ ውሃው እያለቀ ሲሄድ ደግሞ ክብደቷ ስለሚቀንስ ሐዲዱን የመያዝ ጉልበቷም ይቀንሳል። ጀርመኖቹ ያወጡላት ቅጽል ስም ቡቢኮፕፍ ነው፣ በዛ ዘመን ሴቶቻቸው ፀጉራቸውን አጠር አድርገው የሚቆረጡት ፋሽን፣ ከኋላ ቁርጥ ያለች ስለሆነች ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ቅሬታ። አንደኛ ካርቶኑ ውስጥ ሐዲድም ባትሪም የለም፣ ሎኮሞቲቯ ብቻ። ቆይቶ ሌላ ሰው አራት ቁራጭ ሐዲድ አመጣልኝ፣ ከዛ የወንድሜን የባጃጅ ባትሪ ፈታን፣ 12 ቮልት ነው ሞተሯም እሱን ነው የምትፈልገው፣ ግን ፍጥነት መቀነሻ የለን ገና ሽቦውን ስናስነካው ተወርውራ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በአየር ነው የቀለብኳት። ሽቦውን ገልብጠን ስናገናኘው ወደኋላ ሄደች፣ ያው እንደዋናዋ፣ ታናሽ ወንድሜ ማታ ሙሉ ሲያመላልሳት አመሸ። ወንድሜ ግን ጠዋት ባጃጁ አልነሳ ብሎት ሲሰድበኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ የሸጠው ሱቅ "እንደ አዲስ" ብሎ ነው የጻፈው፣ ሐሰት ነው። ሐዲድ እንዳያንሸራትታት እግሯ ላይ የምትጠለቀው ቀጭን ላስቲክ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፣ ቦይለሩ ጎን ላይ ያለችው ፀጉር የምታክል ቱቦ ደግሞ ገና ስነካት ቀነጠሰች። ያክስቴ ልጅ ጻፈችላቸው፣ ዝም። ላስቲኩን የልጅ ፊኛ ቀለበት አድርጌ በመቀስ ቆርጬ ተካሁት፣ ሦስት ቀን ሰራ፣ አሁንም በየሦስት ቀኑ ፊኛ እቆርጣለሁ። ቱቦዋን በሱፐር ግሉ ለጠፍኳት፣ ትንሽ ጠማማ ሆናለች ግን አብሽሩ ከሩቅ አይታይም።

እና ለልጅ መጫወቻ ብላችሁ እንዳትገዙ፣ አንድ ቀን አታድርም። ማሽን ለሚወድ ሰው ግን ዋጋዋን ታወጣለች፣ አዲስ ከሆነች ነው እንጂ ያገለገለ ከሆነ ላስቲኳን ፎቶ አንስተው እንዲልኩ ሳታደርጉ ብር እንዳትሰጡ።

በነገራችን ላይ ወንድሜ "እኛ ሐዲድ ላይ ትሄዳለች?" አለኝ። ዋናዋ የምትሄደው 1435 ሚሊ ስፋት ያለው ሐዲድ ላይ ነው፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሀራ ገበያ የሚሄደውም እንደዛው ነው፣ ትገጥማለች አልኩት። የድሮው የጅቡቲ መስመር ግን 1 ሜትር ስለነበር እዛ አትቆምም።

ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ 16.5 ሚሊ የሚል ሐዲድ በተለይ ኩርባውን ብታስመጡልኝ ቡናው እኔ ጋ ነው፣ እማዬ ናት የምታፈላው።