የእንግሊዝ አረፋማ ወይንና ሻምፓኝ፦ ጣና ዳር ላለ ገበታ የቱ ይሻላል?

ተተልትሎ በጋለ ዘይት የተጠበሰ የጣና ቆሮሶ ሲቀርብ ከጎኑ ሎሚ አይታጣም፤ የዘይቱን ክብደት የሚያቀል ኮምጣጣ ነገር ይፈልጋል። የእንግሊዝ አረፋማ ወይንና የፈረንሳይ ሻምፓኝ ባሕር ዳር ላይ ሲወዳደሩ ልዩነታቸው ፈጥኖ የሚታየውም እዚሁ ሳህን አጠገብ ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ከሐይቁ የተጠበሰ አሳ ጋር የእንግሊዙ ይበልጣል። ገበታው ከተነሳ በኋላ ለሚቀጥለው ጨዋታ ግን ጥሩ ሻምፓኝን የሚተካ የለም። አያያዙ ከተበላሸ ደግሞ ሁለቱም ገንዘብ ማባከን ናቸው፤ ስለዚህ ስለ ሙቀትና ስለ አከፋፈት ረዘም አድርገን ጽፈናል።

ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ዘዴ ነው። ሻርዶኔ፣ ፒኖ ኗርና ሙኒዬ የተባሉት የወይን ዝርያዎች ተጨምቀው መጀመሪያ አረፋ የሌለው ኮምጣጣ ወይን ይወጣቸዋል። ከዚያ በሊትር 24 ግራም ያህል ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ ስለሚያጣ ወይኑ ውስጥ ይሟሟል፤ 4 ግራሙ ስኳር አንድ አትሞስፌር ያህል ስለሚሰጥ የጠርሙሱ ግፊት ወደ 6 አትሞስፌር ይጠጋል። ሥራውን የጨረሰው እርሾ ሞቶ እንደ አተላ ይዘቅጣል፤ የዳቦና የለውዝ ጠረኑ የሚመጣው ወይኑ በዚህ አተላ ላይ ተኝቶ ሲቆይ ነው። በመጨረሻ ጠርሙሱ ቀስ በቀስ በአፍጢሙ ይደፋና አተላው አንገቱ ላይ ይጠራቀማል። አንገቱ ቀዝቅዞ ሲረጋ ክዳኑ ይነሳል፣ የረጋው አተላም በራሱ ግፊት ተስፈንጥሮ ይወጣል። የጎደለው በትንሽ ወይንና ስኳር ይሞላል።

ዘዴውን ፈረንሳዮች ብቻቸውን የፈጠሩት አድርጎ መተረክ ልክ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ክሪስቶፈር ሜሬት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1662 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ ወይን አረፋ እንዲያወጣ ስኳርና ሞላሰስ ይጨመርበት እንደነበር ገልጿል። ሻምፓኝን ፈጠረ የሚባለው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን ኦቪዬ ገዳም የገባው ግን በ1668 ነው። በከሰል ምድጃ የሚሠራው የእንግሊዝ ጠርሙስም ግፊቱን የሚችል ጠንካራ ነበር። ይሁን እንጂ እንግሊዝ በራሷ ወይን ፍሬ ከሻምፓኝ ጋር የሚወዳደር ነገር ማውጣት የጀመረችው በቅርብ ነው፤ በደቡብ እንግሊዝ ዌስት ሰሴክስ ያለው ወይን ሠሪ ናይቲምበር ሦስቱን ዝርያዎች መትከል የጀመረው በ1988 ሲሆን የመጀመሪያ ወይኑ የ1992 ምርት ነው። በ2015 ታዋቂው የሻምፓኝ ቤት ታተንዤ ራሱ ኬንት ውስጥ መሬት ገዝቷል። ሻምፓኝ ሠሪ ገንዘቡን ባሕር አሻግሮ እንግሊዝ መሬት ላይ ካዋለ፣ የእንግሊዙን ወይን እንደ ጉድ ብቻ ማየት ቀርቷል ማለት ነው።

ጣዕማቸው የሚለያየው በመጀመሪያ በአየሩ ነው። ሻምፓኝ የሚሠራበት የፈረንሳይ ክልል በ49ኛው የኬክሮስ መስመር አካባቢ ነው፤ የደቡብ እንግሊዝ እርሻዎች ወደ 51 ይጠጋሉ። አፈሩ በብዙ ቦታ ያው ነጭ ጠመኔ ነው፤ ውሃ ይዞ በደረቅ ጊዜ ለሥሩ ይመግባል። ቅዝቃዜው ግን ፍሬው እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ግንዱ ላይ እንዲቆይ ያደርገዋል፤ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ጥሬ ፖም ውስጥ ያለው ዓይነት ማሊክ አሲድም በብዛት ይቀራል። አብዛኞቹ የሻምፓኝ ቤቶች ይህን አሲድ በባክቴሪያ ወደ ለዘብተኛው የወተት አሲድ ይለውጡታል። እንግሊዝ ውስጥ አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይለውጣል፣ አንዳንዱ በከፊል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይነካውም። አንደኛው የእንግሊዝ ጠርሙስ ለስላሳ ሆኖ ሌላው ጥርስ የሚያጠርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ተቀማጭ ነው፤ ለእኛ ከአየሩም የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ሻምፓኝ ወደ 34,000 ሄክታር የወይን እርሻና ከብዙ ዓመታት የተጠራቀመ ወይን አለው። ክሩግ የተባለው የሻምፓኝ ቤት ግራንድ ኩቬ የሚባለውን ቅይጡን የሚቀምመው ከ10 በላይ በሆኑ ዓመታት ከተመረቱ ከ120 በላይ ወይኖች ነው። አንድ ዓመት ውርጭ ቢመታው ያለፈው ዓመት ይደግፈዋል። እንግሊዝ ከነዌልስ ያላት ከ4,000 ሄክታር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ተቀማጩም ገና ወጣት ነው። በዝናብ በተበላሸው በ2012 ናይቲምበር ጥራቱ አይመጥንም ብሎ ምንም ወይን ሳይሠራ ቀርቷል። ያን ውሳኔ እናከብረዋለን፤ ግን የተቀማጭ ማነስ ምን እንደሚያስከፍልም ያሳያል። የእንግሊዝ ወይን ከፍ ብሎ ጀምሮ መሀሉ ላይ ሳሳ የሚለው በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው።

ወደ ጠርሙሶቹ እንምጣ። የናይቲምበር ክላሲክ ኩቬ የሦስቱ ዝርያዎች ቅይጥ ሲሆን አተላው ላይ ከሦስት ዓመት በላይ ይቆያል። የተጠበሰ ዳቦ፣ ማርና ፖም ይሸታል፤ ለሻምፓኝ እጅግ የቀረበው እሱ ነው። የሪጅቪው ብሉምስበሪ ሻርዶኔ ይበዛበታል፤ ቀለል ያለ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ጣዕሙ ቶሎ ከአፍ የሚጠፋ ነው። የኬንቱ ገስቦርን ብላን ደ ብላን ከሻርዶኔ ብቻ፣ ከአንድ ዓመት ምርት የሚሠራ ነው፤ በጣም የሰላ ስለሆነ ለባዶ ሆድ አንመክረውም፣ ከጨው ጋር ግን ድንቅ ነው። ከፈረንሳዩ ወገን የሞዌ ኤ ሻንዶን ኢምፔሪያል ለስላሳና ለሁሉም የሚስማማ ነው። የቦላንዤ ስፔሻል ኩቬ ፒኖ ኗር 60 በመቶ ያህል ስላለውና ከፊሉ በእንጨት በርሜል ስለሚፈላ ሰውነቱ ከባድ፣ የለውዝና የቅመም ጠረኑ ረጅም ነው።

ቆሮሶው ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ሞዌው ውሃ ውሃ ይላል፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ከወይኑ ስለሚበልጥ ወይኑ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ገስቦርኑና ብሉምስበሪው ግን ሎሚውን ራሱን ይተኩታል። ስለዚህ ከእንግሊዙ ጋር መጀመሪያ አሳውን ያለ ሎሚ በጨው ብቻ ቅመሱት፣ ሎሚ ከተፈለገ ኋላ ይጨመራል። ለአሳ ሾርባና ለጉላሽ ቦላንዤው ይሻላል። አሳ ዱለት ላይ ሚጥሚጣና ቃሪያ ስለሚበዛ ከሁለቱም ወገን ብሩት የሚባሉት፣ ስኳራቸው ጥቂት የሆነው ወይኖች ይቸገራሉ፤ ጋዙና አልኮሉ ማቃጠሉን ያባብሱታል፣ ስኳር ያበርደዋል። ለዱለትና ለዳጣ በሊትር ከ32 እስከ 50 ግራም ስኳር ያለው ደሚ ሴክ ፈልጉ፤ ናይቲምበርም ኩቬ ሼሪ የሚባል ደሚ ሴክ አለው። ብሩት ማለት ከ12 ግራም በታች፣ ኤክስትራ ብሩት እስከ 6 ግራም ነው። ኤክስትራ ድራይ የሚለው ስያሜ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ከ12 እስከ 17 ግራም ስለሆነ ከብሩት ይጣፍጣል።

አሁን ስለ ባሕር ዳር ሙቀት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ወይኑ የሚፈልገው ማስቀመጫ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የቆየ ጠርሙስ፣ በተለይ መስታወቱ ነጭ ከሆነ፣ የተቀቀለ ጎመን የመሰለ ሽታ ያመጣል። ሙቀት የጎዳው ወይን ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል፣ የተቀቀለ ፖም ይሸታል፣ አረፋውም ትልልቅና ሰነፍ ይሆናል። ቡሹም ይናገራል፦ ጤነኛው ሲነቀል ታችኛው ጫፉ ይነፋል፣ አሮጌው እንደ ካስማ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ከመደርደሪያ ፊት ያለውን ትታችሁ ከካርቶን የሚወጣውን ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ በመኪና የዓባይን በረሃ አቋርጦ የመጣ ጠርሙስ ቢያንስ አንድ ቀን ቀዝቃዛ ቦታ ይረፍ፤ ተንጦና ሞቆ የተከፈተ ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል። ከፍታውም ነገር አለው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው፤ ጋዙ ከወይኑ ፈጥኖ ይወጣል፣ አረፋውም ከፍ ይላል። ስለዚህ ከተለመደው ትንሽ ይቀዝቅዝ፦ ለእንግሊዙ ከ6 እስከ 8፣ ለቆየ ሻምፓኝ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ። ፍሪጅ ውስጥ አራት ሰዓት ይበቃዋል። መብራት ከጠፋ ባልዲ ግማሹን በረዶ፣ ግማሹን ውሃ፣ ከላይ አንድ እፍኝ ጨው አድርጋችሁ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ንከሩት፤ በ25 ደቂቃ ይደርሳል። በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን በደንብ ስለማይነካ ውሃው ግድ ነው። ፍሪዘር ውስጥ አትርሱት፤ ይፈነዳል።

ሲከፈት አውራ ጣት ከቡሹ ላይ አይነሳም። የሽቦ ቆቡን ስድስት ጊዜ ግማሽ ዙር ፈትታችሁ ከቡሹ ጋር አብራችሁ ያዙት፣ ጠርሙሱን 45 ዲግሪ አዘንብሉ፣ ቡሹን ሳይሆን ጠርሙሱን ከታች አዙሩ። ቡሹ መግፋት ሲጀምር ወደ ኋላ ያዝ አድርጉት፤ ድምፁ እንደ ትንፋሽ ከሆነ ጋዙ ተርፏል። መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ቅዱ፣ አረፋው ሲወርድ ጨምሩ፤ በአንዴ ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ቢሆን ይመረጣል። የሳሙና ቅሪት አረፋውን ስለሚገድል በሙቅ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት።

ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። የእንግሊዙ ላይ ‹ኢንግሊሽ ስፓርክሊንግ› እና ‹ትራዲሽናል ሜተድ› የሚሉት ሁለቱም ይኑሩ፤ ‹ብሪቲሽ ዋይን› የሚለው ከውጭ በመጣ የወይን ጭማቂ የሚሠራ ርካሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ሻምፓኝ ላይ ‹አር ኤም› የሚሉ ትንንሽ ፊደላት ካሉ ገበሬው ከራሱ ፍሬ የሠራው ነው፤ ‹ኤን ኤም› ፍሬ የሚገዛ ነጋዴ ቤት ነው። ዓመት ያልተጻፈበት ሻምፓኝ በሕጉ ቢያንስ 15 ወር፣ ዓመት ያለው ደግሞ ሦስት ዓመት ይቆያል። የእንግሊዙ አተላ ላይ የሚቆይበት ዝቅተኛው 9 ወር ብቻ ስለሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ የጻፈውን ምረጡ፤ አተላው የወጣበት ቀን ካለ ከሁለት ዓመት ያላለፈው ይሻላል። በዋጋ አገራቸው ላይ የእንግሊዙ ርካሽ አይደለም፤ ጥሩው ከ30 እስከ 45 ፓውንድ ስለሆነ ከታወቁት ሻምፓኞች ጋር እኩል ነው። ገንዘቡ ለአንድ ጠርሙስ ብቻ ከበቃና ገበታው አሳና ጨዋታ ሁለቱንም የያዘ ከሆነ፣ ክላሲክ ኩቬን እንመርጣለን።

የተረፈው በአረፋማ ወይን መክደኛ ተጠብቆ ፍሪጅ በር ላይ ሳይሆን ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ በአፉ ማንኪያ መስቀል ጥቅም የለውም። የእንግሊዙ በማግስቱ ኮምጣጣነቱ ስለሚይዘው ለምሳ ይደርሳል፣ ሻምፓኙን ግን በዚያው ምሽት ጨርሱት።